«ተቀመጥ» ያልናት ሴት

ወገኖቼ፣ የዚያን ቀን ሳቃችንን አልረሳሁትም። «ሳቃችሁን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ነገሩ የሆነው በምንኖርበት የጋራ ሕንጻ የነዋሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። አዲሱ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ በአንቀጽ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ይጸድቃል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ሰው ደክሞት ግማሹ ስልኩን ይነካካል። አንዱ አንቀጽ ላይ ስንደርስ እንዲህ ተብሎ ተነበበ፦ «ማንኛውም አባል በስብሰባ መገኘት ካልቻለ ሚስቱን ወክሎ መላክ ይችላል።»

ከኋላ ረድፍ አንዲት ወጣት እናት እጇን አወጣች። የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ስብሰባ ላይ እምብዛም አናያትም፤ የዚያን ቀን ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጣችው።

«ቤቱ በስሜ ነው፤ አባሏ እኔ ነኝ» አለች። «ሚስት የለኝም። ባል ግን አለኝ። ልላከው ወይስ አልላከው?»

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። እስከዚህ ድረስ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም።

ቀጠለች። «ሚስቱን» የሚለው «የትዳር ጓደኛ» ይባል፤ «አባሉ ይከፍላል፣ አባሉ ይቀጣል» የሚለውም «አባላት ይከፍላሉ፣ አባላት ይቀጣሉ» ቢባል ሁላችንንም ይይዛል አለች። ይኸው ነው። አዲስ ተውላጠ ስም አልፈጠረችም፤ ቋንቋው ይቀየር አላለችም። ቤታችን ውስጥ ያለውን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዱት ነው ያለችው።

ምክትል ሰብሳቢው ሕግ አዋቂ ቢጤ ነውና ወዲያው ብድግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 7 በወንድ ፆታ የተደነገገው የሴትንም ፆታ ያካትታል ይላል፤ በእኛም ደንብ መጨረሻ ይኸው ተጽፏል፤ ስለዚህ ጥያቄው ተመልሷል። እሷም በትሕትና፣ «እንግዲያው ‹ሚስቱን› ሲል ‹ባሏን› ማለቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። መልስ አጣ። ሰውን የሚያስቆጣው ይሄ ይመስለኛል፤ ትክክል የሆነ ጥያቄ ከማይጠበቅ አፍ ሲወጣ።

ያኔ ነው ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምናከብራቸው ሰው የተነሱት። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ እየሳቁ። «ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው። ወንድና ሴት ተብሎ መለየቱ ካስቸገረሽ መፍትሔው ቀላል ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ። በል፣ ተቀመጥ ወንድሜ።»

አዳራሹ ፈነዳ። እሷ እንደቆመች «እኔ ያልኩት እኮ...» ስትል ከመሃል አንዱ «ተቀመጥ ተባልክ!» ብሎ ጮኸ። ሰብሳቢው የሳቅ እንባውን እየጠረገ «ወንድማችን ጨርሷል? ወደሚቀጥለው እንለፍ። ጸሐፊ፣ ይመዝገብልን» አለ። ተቀመጠች። ከመድረኩ ሆኜ እጇ ላይ ያለውን ረቂቅ አይቼዋለሁ፤ በእርሳስ የተሰመረበት ብዙ ነበር። ሌሊት በተራዋ ላይ ቁጭ ብላ አንብባው ኖሯል። ከሁላችን መሃል ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ቀልዱ እዚያው ቢቀር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። አልቀረም። በሚቀጥለው ስብሰባ ሥራ ስለነበራት ባሏን ላከች። በሩ ላይ ስም የሚመዘግበው ልጅ መዝገቡን ገልጦ፣ ጮክ ብሎ፣ «የወንድማችን ሚስት መጣች!» አለ። ሰውየው ምንም አልተናገረም። የሚሳቅበትን አዳራሽ አንድ ጊዜ አየና ዞሮ ወጣ። «ለቀልድ እኮ ነው!» ብለው ተጣሩ፤ አልተመለሰም። ያ ሁሉን ያካትታል የተባለ አንቀጽ በዚያች ደቂቃ የት ነበር?

ከዚያ ወደ ልጆቹ ወረደ። ልጆች የእኛን አፍ ነው የሚወርሱት። ደረጃ ላይ ሲያገኟት «አንተ፣ ደህና አደርክ?» እያሉ ይሮጣሉ። አንድ ማታ በሬን ልዘጋ ስል ከላይኛው ደረጃ የትንሿን ልጇን ድምፅ ሰማሁ፦ «እማዬ፣ ለምንድነው አንተ የሚሉሽ?» እናትየዋ የመለሰችውን አልሰማሁም። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ሰማሁ።

ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሴትን «አንተ» ማለት በራሱ ምን ክፋት አለው? እናቶቻችን ሴት ልጃቸውን ሲያቆላምጡ «አንተ»፣ ወንዱን ሲያባብሉ «አንቺ» ይሉ የለም? ፆታን መገልበጥ በእናት አፍ ፍቅር ነው። እኛ ግን ያንኑ ቃል ወስደን ወንድን ለማዋረድ «አንቺ»፣ ሴትን ዝም ለማሰኘት «አንተ» እንላለን። ከዚያ ዞረን የቋንቋው ጠባቂ እኛ ነን እንላለን!

ደግሞ «አማርኛ ፆታ ሳይለይ መናገር አይችልም» ትላላችሁ። ይችላል፤ ሁልጊዜም ሲያደርገው ኖሯል። ግዕዝ ወንዶችን «አንትሙ»፣ ሴቶችን «አንትን» ብሎ ይለያል፤ ትግርኛም «ንስኻትኩም» እና «ንስኻትክን» ይላል። አማርኛ ግን ለሁሉም «እናንተ» አለና አረፈ። («እናንተ» ውስጥም «አንተ» ተደብቋል የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አለ። ግን ስንናገር ማን ይሰማዋል?) «እነሱ ሄዱ» ስንል ወንድ ይሁኑ ሴት አናውቅም፤ ዓለሙም አልፈረሰም።

ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ግን «እርስዎ» ነው። «እርስዎ» ፆታ የለውም፤ «እሳቸው»ም የለውም። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ «እሳቸው» ስንል የማን ምላስ ተሳሰረ? ወንድ ናቸው ሴት ብሎ ግራ የተጋባ ማን አለ? እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ የምንፈራውንና የምናከብረውን ሰው ስንጠራ ፆታውን እንተወዋለን። ፆታ ላይ ሙጭጭ የምንለው ለማንፈራት ነው። ከኋላ ረድፍ ለተቀመጠችው፣ ለደከማት።

ከወዲያኛው ወገን ያላችሁትም አትቀሩም። «አመልካቹ/ቿ ማመልከቻውን/ዋን ያቀርባል/ታቀርባለች» እያላችሁ ገጹን በእዝባር ያጠራችሁት፣ ከዚያ እንደዚያ ያልጻፈውን ሁሉ ኋላቀር የምትሉ። በእኛ ቋንቋ ግሱም ፆታ ይሸከማል፤ እንዲህ ሆኖ ማንም አያነበውም። እሷ እኮ በአንድ «አባላት» ጨርሳው ነበር።

ሕጉስ ቢሆን ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን አስቀርቶ ሁለቱን እኩል አደረገ። እኛ ግን ይኸው በአንዲት «ሚስቱን» ተጣልተን፣ ሰው ከደጃፍ መለስን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ እየሸሸሁት ነበር።

እስካሁን ስታነቡኝ ወንድ መስያችሁ ይሆናል። «እኔ» ፆታ የለውምና አልፈርድባችሁም። ሴት ነኝ። ማህተሙን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ስብሰባው ሁሉ «እርስዎ» ይለኛል፤ ከዚያ ጣሪያ ሥር ተደላድዬ ነው «ተቀመጥ» ስትባል የሳቅኩት። አዎ፣ ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ደግሞ የጻፍኩት ይኸው፣ መዝገቡ ፊቴ ነው፦ «አንድ አባል የቃላት ማሻሻያ ሐሳብ አቅርቦ ውድቅ ተደርጓል።» አቅርቦ። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ ለምዶ ነው። እነሱ ለአንድ ከሰዓት በቀልድ ወንድ አደረጓት፤ እኔ ፈርሜና ማህተም መትቼ ለዘለዓለም ወንድ አደረግኋት። ነገ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው በዚያ ቀን አንዲት ሴት ተነስታ መናገሯን በምን ያውቃል?

ከብዙ ቀን በኋላ ደረጃ ላይ አግኝቻት ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። «ምንም አይደል፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችኝ። እርስዎ። ከሁሉም ቃል ያቃጠለኝ እሷ ነች።

የጸደቀ ቃለ ጉባኤ የሚታረመው በጉባኤ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ፦ «‹አቅርቦ› የሚለው ‹አቅርባ› ተብሎ ይታረም።» ከሥሩም የእሷን ሐሳብ እንደገና፣ በእኔ ስም። ሰብሳቢው አንብቦ «ለአንዲት ፊደል?» አለኝ። ለአንዲት ፊደል አልኩት። ሰባተኛ ተራ ላይ አስገባው። ሰው እስከ ሰባተኛ አጀንዳ እንደማይቆይ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ አራተኛው ላይ ወንበር መንኳኳት ይጀምራል።

እስቲ ለአንድ ቀን ቆዩ። ጋሼም ይቆዩ። እሷን አልጠራኋትም፤ በምን ፊቴ። ባሏ ግን ይመጣ እንደሆን ብዬ በሩ ላይ የምመዘግበው እኔ ነኝ ብያለሁ።