ነጩን ማን ሳለው?

በደብረ ብርሃን ከተማ አንድ ጎልማሳ ሰው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቶ የውኃ ቀለም ሲጠይቅ፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀርብለት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?» እኔም 44 ዓመት የሞላኝ የሒሳብ ሠራተኛ መሆኔንና ቀለሙን የምፈልገው ለራሴ መሆኑን ለማስረዳት አፌን ከከፈትኩ በኋላ፣ ከኋላዬ የተሰለፉትን ሁለት ተማሪዎች አይቼ መልሼ ዘጋሁትና «ኬጂ ሁለት» አልኩ። ሻጩ 12 ቀለም የተደረደረበትን የፕላስቲክ ሣጥን አወጣና «ይኼ ቢልሰውም አይጎዳውም» ብሎ አጽናናኝ። የዱር እንስሳት ሰዓሊ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት በዚህ ዓይነት ክብር ነው።

ነገሩ የመጣው ዓምና ነው። ለሥራ ጉዳይ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ስንጓዝ ጓሳ ላይ የመኪናችን ጎማ ፈነዳ፤ ሾፌሩ እየተራገመ ጎማ ሲቀይር እኔ ከመንገዱ ወረድ ብዬ ቆምኩ። ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት አንድ ቀይ ቀበሮ ሁለቱን ጆሮዎቹን ወደ አንዲት የአይጥ ጉድጓድ ደግኖ ቆሟል። ጀርባው እንደ ሸክላ ቀልቷል፤ ከጉሮሮው ወደ ደረቱ የወረደው ነጭ ጠጉር ግን የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራ ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ እንደሆኑ የሰማሁት በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ግን ቀበሮው የቆመው እኔ እንድስለው ብሎ መሆኑ ነበር። መሳል እንደማልችል የተገነዘብኩት ደግሞ ባርኔጣውንና የሚታጠፈውን ወንበር ከገዛሁ በኋላ ነው።

ይህን ውሳኔዬን ለቤት አከራዬ ለእትዬ በነገርኳቸው ጊዜ፣ ማስረጃ ይዤ ነበር የቀረብኩት። በዚሁ በእኛው አገር፣ አንኮበር ላይ፣ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ የማዕድን ምሕንድስና ይማሩ ተብለው ወደ እንግሊዝ ተልከው ሥዕል ተምረው መመለሳቸውን አስረዳሁ። እትዬ ቡናቸውን ፉት አሉና «እሳቸውን መንግሥት ላካቸው፤ አንተን ማን ላከህ?» አሉኝ። መልስ ሲያጥረኝ ወደ ውጭ አገር ዞርኩ። በ1919 ዓ.ም. ከአንድ የቺካጎ ሙዚየም የጥናት ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ የሚባል አሜሪካዊ የአገራችንን ወፎችና አውሬዎች በውኃ ቀለም ስሎ እንደተመለሰ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር መኪናውን ባቡር ገጭቶበት እንደሞተ፣ መኪናው ውስጥ የነበሩት ሥዕሎቹ ግን እንደተረፉ ተረኩላቸው። እትዬ ከልባቸው አዘኑ። «እድር ነበረው?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ የአገራችን ሰው የዱር እንስሳ ሥዕል የማይወደው ጥበብ ስለማይገባው አይደለም። እንስሳውን ከሰዓሊው አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ያውም በክፉ ስለሚያውቀው ነው። የእትዬ ወንድም መንዝ ውስጥ ገብስ የሚዘሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ሥራዬን፣ ጎፈሩን ነስንሶ ደረቱ ላይ ቀይ መደብ ያለበትን ወንድ ጭላዳ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ባዩት ጊዜ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ለረጅም ጊዜ ቆመው ተመለከቱትና «ይኼ ነው፤ እሱ ራሱ ነው» አሉ። እኔ ምስሉ መምሰሉን ያደነቁልኝ መስሎኝ እጅ ነሳሁ። እሳቸው ግን ሌባው የተያዘ መስሏቸው ኖሯል። ዝንጀሮ በክብር ሳሎን ውስጥ መሰቀሉን ያለ እኔ የፈቀደ አንድም ሰው አልተገኘም።

ሁለተኛው ፈተና ብርዱ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ አገር በመሆኑ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ማለዳ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነው የሚነጋው። በአንደኛው ቅዳሜ ጠዋት ብሩሼን ነክሬ የቀበሮውን ጀርባ በአንድ እጅ ስስበው፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንዳረፈ መርጋት ጀመረና ቀበሮዬ ከትከሻው እስከ ጅራቱ የጥድ ቅርንጫፍ የመሰለ ንቅሳት አወጣ። በቀዝቃዛ አገር የሚሠሩ ሰዓሊዎች ውኃቸው እንዳይረጋ አልኮል ጠብ እንደሚያደርጉበት አንብቤ ነበርና በሚቀጥለው ሳምንት ግማሽ ሊትር አረቄ ይዤ ወጣሁ። ለአንባቢ መግለጽ የሚገባኝ፣ በሰሜን ሸዋ ከውኃ ቀለም ይልቅ አረቄ ማግኘት እጅግ ቀላል መሆኑን ነው፤ ስንተኛ ክፍል ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ዘዴው ሠራ። ነገር ግን ማታ ቤት ስገባ እትዬ ኮቴን አሸተቱና ቀና ብለው አዩኝ። «የጠጣው ብሩሼ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ተራራ የምወጣበት ምክንያት በሰፈራችን ሙሉ በሙሉ ግልጽ ሆነ፤ ሥዕሉ ደግሞ ለአረቄው የተፈለገ ሰበብ ሆኖ ተመዘገበ።

እነዚህ ሁሉ ግን ከነጩ ጉዳይ ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው። በውኃ ቀለም ሥራ ነጭ የሚባል ቀለም በወጉ አይነካም፤ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። ሰዓሊው ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ገና ከመነሻው ለይቶ ሳይነካው ይተወዋል፤ አንዴ እጁ ስቶ ከነካው ደግሞ እንደ ቀድሞው አይመለስለትም። እኔም የቀበሮዬን ጉሮሮና ደረት ለማትረፍ ስል ትንፋሼን ይዤ፣ ምላሴን ነክሼ፣ ስምንት ወረቀት አበላሽቼ በዘጠነኛው ተሳካልኝ። በማግሥቱ ማኅበር እትዬ ቤት ነበርና ሥዕሉን ለጠበልተኛው ሁሉ እንዲታይ ከፊት ለፊት አስቀመጥኩት።

ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ጉዳቴ ታወቀ። «ይኼን ያህል ለፍቶ ሳይጨርሰው!» አለች አንዷ። «ቀለም አልቆበት ነው፤ ደመወዙ ምን አላት?» አለች ሌላዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን እኔ እንድሰማው ያህል። የጎረቤታችን ባለቤት ቤት ሲያስቀቡ የተረፈ ግማሽ ጣሳ ነጭ የዘይት ቀለም እንዳላቸውና ነገ ጠዋት ልጃቸውን አስይዘው እንደሚልኩልኝ ቃል ገቡ። ለኔ ወግነው የተናገሩት አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ብቻ ናቸው። ቀበሮውን በጎን ስለሳልኩት አንድ ዓይኑ ብቻ መታየቱን አስተውለው «ልክ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው፤ ይኼ ግልገል በላተኛ አንድ ዓይን ይበዛበታል» አሉ። ስለ አንገቱ ግን እሳቸውም ዝም አሉ። ወረቀቱ ራሱ ነጭ ነው፣ ቀበሮውም ነጭ ነው፣ ስለዚህ ነጩ አለ ብዬ ለማስረዳት ብሞክር፣ ሁሉም ሰው የተቸገረ ሰው ችግሩን ሲደብቅ በሚታይበት የርኅራኄ ዓይን አየኝ። እትዬ ሰሐኔ ላይ አንድ እንቁላል ጨመሩልኝ።

በተከታዩ ቅዳሜ ይህንኑ ሥዕል ይዤ ጓሳ ወጣሁ፤ ከባለቤቱ ጋር ላስተያየው ብዬ ነው። ባና የደረበ፣ ዕድሜው አሥራ ሁለት የማይዘል እረኛ በጎቹን ትቶ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ከታች፣ ሣሩን በጣታቸው እየነጩ በመቀመጫቸው ከሚንፏቀቁት ጭላዳዎች መካከል አንድ ቀበሮ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ አንዱም ቀና ብሎ አላየውም። ልጁ «ብቻውን ከሚሆን ይልቅ እነሱ መሐል ሲሆን አይጥ ይቀናዋል» አለኝ፤ በዚያው በጓሳ ለዓመታት የተቀመጡ ተመራማሪዎች ቆጥረው የደረሱበትም ይህንኑ ነው። ጎረቤት ጠቀመው ማለት ነው፤ የእኔ ጎረቤቶች ቢያዩት ምን እንደሚሉት እንጃ።

ልጁ ሥዕሉን በሁለት እጁ ያዘና ወደ ፀሐይ አዞረው።

«ጋሼ፣ ይኼ የራበው ነው የጠገበ?»

አላሰብኩበትም ነበርና «ደኅና ነው» አልኩት።

«የራበው ከሆነ ጆሮው ወደ ፊት ነው መሆን ያለበት። ጅራቱንም እንዲህ አይዝም፤ እንዲህ የሚይዝ ውሻ ነው። እግሩ ደግሞ አጠረ፤ እሱ እግረ መለሎ ነው።» ቆም አለና ጣቱን ሳያስነካ ወደ ባዶው ወረቀት ጠቆመ። «ይቺ አንገቱ ግን እሱኑ ናት። እሷን ማን ሳለልዎ?»

እንዲህ ያለ ሙገሳ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም አላገኘሁም፤ የነካሁት ሁሉ ስህተት፣ ያልነካሁት ብቻ ልክ! «እኔው ነኝ» አልኩት፣ እያፈርኩ። ልጁ አላመነኝም፤ ከትሕትናው የተነሣ ግን አልተከራከረኝም።

በወሩ መጨረሻ የእድራችን ስብሰባ ተጠራ። ስለ ድንኳኑ መቀደድ፣ ስለ ሁለት የጠፉ ድስቶችና መዋጮ ስላልከፈሉ አባላት ከተነጋገርን በኋላ የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። «አንድ ወንድማችን በሥዕል ሥራ ተሰማርቶ ሳለ ነጭ ቀለም አጥሮት ሥራው በእንጥልጥል መቅረቱን ሰምተናል፤ እድር ደግሞ ለሞተ ብቻ አይደለም» ብለው በፖስታ የታሸገ 1,850 ብር በሕዝቡ ፊት ሰጡኝ። ተጨበጨበ። እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ነጩ ወረቀቱ ራሱ መሆኑን ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳ አስቤ ነበር፤ ሆኖም የፖስታውን ውፍረት በእጄ ስዳስሰው ማብራሪያው አላስፈላጊ መሆኑ ታየኝ።

ገንዘቡን ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩና ደኅና የጥጥ ወረቀት፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነውን፣ ገዛሁ። የሒሳብ ሰው በመሆኔም ለእድሩ ጸሐፊ የማወራረጃ ደረሰኝ አቀረብኩ። የዕቃው ዓይነት በሚለው መስመር ላይ «ነጭ»፣ ብዛት በሚለው ላይ ደግሞ «5 ሉክ» የሚል ተጽፎበታል፤ ጸሐፊውም ሳይጠይቁ ፈረሙበት።