በብርጭቆ የለንም፣ በጠርሙስ ብቻ

ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ፤ ዛሬ ካልተነፈስኩት ሆምጣጤ ሆኖ ይቀራል። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የአክስቴ ልጅ ከዳላስ መጥታ ነበር፣ ከስንት ዓመት በኋላ ጅማን ልታይ። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። እዚያው ጅማ መርካቶ ወርደን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገዛች (ሻንጣዋ ውስጥ እንዴት እንዳስገባችው እስካሁን አልገባኝም)። ማታ ያረፈችበት ሆቴል ራት ልጋብዛት አልኩ። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ጥብሱም አይታማም።

"ወይን በብርጭቆ አላችሁ?" አለች።

አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ፦ "በብርጭቆ የለንም እህቴ፤ በጠርሙስ ብቻ።"

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ሰው ነን። እኔ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገቢ ስለሆንኩ ከአንድ ብርጭቆ አላልፍም። እሷ ከሁለት ካለፈች ራሷን ያማታል። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ በወጉ ከተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ተባብረን ሦስቱን ብንጨርስ ሁለቱ የማን ሊሆን ነው? ግን እንግዳ ይዞ ሒሳብ የሚያሰላ ሐበሻ ስለሌለ "አምጣው" አልኩ። ከባቱ የሚመጣውን ቀይ ሪፍት ቫሊ አመጣልን። ወይኑ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ የአገር ልጅ ነው። ቅሬታዬ እሱን የያዙት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ከቢራ ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ ነው የከረመው፤ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ይሁን። ቀጥሎ የቡሽ መክፈቻ ጠፋ። አንዱ ባር ሄደ፣ አንዱ ኩሽና ሄደ፣ በመጨረሻ ሦስተኛው መጥቶ በማንኪያ እጀታ ቡሹን ወደ ውስጥ ገፍቶት ዐረፈ። ቡሹ ወይኑ ላይ ሲንሳፈፍ የአክስቴ ልጅ ሳቀች። "ክሩዙ ትዝ አለኝ" አለች።

ለካ አምና ከማያሚ ተነሥታ ሰባት ቀን ካሪቢያን ባሕር ላይ በሽርሽር መርከብ ስትንሸራሸር ነበር። አወቱ ወንዝ ላይ ሳፋ እንኳ አይንሳፈፍም፣ እኔ የክሩዝ ወሬ በምን አውቄ? እሷ ግን ነገረችኝ። መርከቡ ላይ ራት ስትበላ ጠርሙስ ወይን ታዛለህ። ካልጨረስክ አስተናጋጁ ይከድነዋል፣ የክፍልህን ቁጥር ይጽፍበታል፣ ይወስደዋል። በነጋታው ማታ ልትበላ ስትቀመጥ ያው ጠርሙስ ይመጣልሃል። በቃ። ሺህዎች በተሳፈሩበት መርከብ፣ ባሕር መሀል።

መርከብም ጻድቅ አይደለም እንዳትሉኝ፣ እሱንም ነግራኛለች። ሱቅ ከምትገዛበት እጥፍም ከዚያም በላይ ያስከፍሉሃል፣ እላዩ ላይ የአስተናጋጅ ብለው 18 በመቶ ሳይጠይቁህ ይደምራሉ። ግን ብዙዎቹ ኩባንያዎች ስትሳፈር አንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ከቤቱ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ራት ላይ ይዘኸው ከመጣህ መክፈቻ ብለው የተወሰነ ዶላር ያስከፍሉሃል እንጂ አያባርሩህም። እኛ ጋ በር ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃላችሁ፦ "ከውጭ የተገዛ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

ሦስቱን ብርጭቆ ጠጣን። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ብርጭቆና አንድ ቡሽ ቀረ። እሷ እንደለመደችው ከቦርሳዋ የዓይን ኩል እርሳስ አወጣችና ጠርሙሱ ላይ 207 ብላ ጻፈችበት። የክፍሏ ቁጥር ነው። "ወንድሜ፣ ይቺን አስቀምጥልኝ፤ ነገ ማታ እጨርሳታለሁ።"

ልጁ እኔን አየኝ፣ ቀልድ መሰለው። "ጋሼ፣ የተከፈተ አናስቀምጥም።"

"ለምን?"

"ኃላፊነት አንወስድም። ደግሞ ቡሹ ውስጥ ገብቷል፣ በምን ይከደናል?"

ቡሹን ውስጥ ያስገባው ማን ሆነና! ወላሂ (የጅማ ልጅ ሲምል ሃይማኖት አይጠየቅም) እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እሷ ግን ረጋ ብላ "እሺ ወደ ክፍሌ ይዤው ልውጣ" አለችው። እሱም አይሆንም። ከሬስቶራንት ወደ ክፍል መጠጥ አይወጣም፣ በሩም ሰርቪስ ካልታዘዘ በቀር። ከውጭ አይገባም፣ ከውስጥ አይወጣም። የተከፈለበት ወይን ጠረጴዛው ላይ ታሰረ።

ሒሳቡ መጣ። ሜኑው ላይ 2,000 ብር ይላል። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ ሲደመር 2,200። ቫት 15 በመቶ ደግሞ በወይኑ ብቻ ሳይሆን በሰርቪሱም ላይ ይሰላል፤ 2,530። ሰርቪሱ ማንኪያው መሆኑ ነው እንግዲህ። ለሦስት ስታካፍሉት እያንዳንዷን ብርጭቆ በ843 ብር ነው የጠጣናት።

አሁን የሆቴሉ ሰው ይህን ካነበበ የሚለውን አውቃለሁ፤ እሱም እውነት አለው። ጅማ የቡናና የማር ከተማ ናት፤ ወይን ጠያቂው በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ብርጭቆ ቢሸጥ አራቱ ይቀርበታል። ወይን ከተከፈተ አየር ይገባዋል፣ ቀን ሲቆይ ይኮመጥጣል። ገባኝ። ግን ቀይ ወይን በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ከገባ ሦስት አራት ቀን አይሞትም፤ እኛ የጠየቅነው ደግሞ አንዲት ሌሊት ነው! ኪሳራውን ፈርተህ ጠርሙሱን ሙሉ ለእኔ ካሸከምከኝ፣ የተረፈውም የእኔ ነው። ኪሳራው የእኔ፣ ትራፊው የአንተ የሚባል ንግድ የት አለ?

ጠጅ ቤት ሂዱ እስቲ። ቁጭ ትላለህ፣ "አንድ ብርሌ" ትላለህ፣ ይመጣልሃል። ገንቦውን ሙሉ ካልገዛህ ያለህ ሰው አለ? ቡና የምታፈላዋስ ልጅ "በሲኒ የለንም፣ በጀበና ብቻ" ብላህ ታውቃለች? ወይን ላይ ሲደርስ ምን ነካን? እናቴ ነፍሷን ይማርና በዓል ሲሆን አንድ አክሱማይት ትከፍት ነበር፤ ጣፋጭ ነውና ለሴቶቹ በኮካ እየበረዘች ጠርሙሷን ሦስት ቀን ታቆያት ነበር። የተረፈችውን በቡሿ ገጥማ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ። ያለ ፍሪጅ፣ ያለ ሰርቪስ ቻርጅ።

ለማንኛውም ትተነው ወጣን። ጉርሻም ሰጠሁት፣ ልጁ ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

በነጋታው ማታ ልሰናበታት ሄድኩ። ዝናብ ስለነበር ባሩ ጋ ተቀመጥን። ፈረቃ ተቀይሯል፣ ባንኮኒው ላይ ሌላ ልጅ ነው ያለው። ከእኛ ራቅ ብሎ ለስብሰባ የመጣ የሚመስል ባለ ክራቫት ሰውዬ ተቀምጧል። ፊቱ ቀይ ወይን። በብርጭቆ!

የአክስቴ ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ባንኮኒው ላይ አንድ ጠርሙስ ቆሟል። አፉ በሶፍት ተወትፏል። ሆዱ ውስጥ ቡሽ ይንሳፈፋል። ጎኑ ላይ ትንሽ የተፋቀች፣ ግን የምትነበብ፣ በዓይን ኩል የተጻፈች 207።

ልጮህ ተነሣሁ። እጄን ያዘችኝ። "ተው፣ እንግዳ ነኝ" አለች፣ እየሳቀች ዕንባዋ እስኪመጣ።

እኔ ግን ቢያንስ አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ልጁን ጠራሁት። "ወይን በብርጭቆ አላችሁ እንዴ?"

"አለ ጋሼ። ግን አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የቀረችው።"

"ስንት ነው?"

"600 ብር። ሰርቪስና ቫት ሳይጨምር።"