የክሮይደን ውሃና የእኛ ዝምታ

ወገኖቼ፣ በተለይ ለንደንና ዙሪያዋ የምትኖሩ፣ ዛሬ የምለው ይመርራል። ግን ስሙኝ።

እ.ኤ.አ. በ1937 ከለንደን በስተደቡብ ባለችው በክሮይደን ከተማ ታይፎይድ ገብቶ የሆነውን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አዲንግተን የሚባል ቦታ የከተማውን ከፊል የሚያጠጣ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ ሥራ ያስፈልገዋል ተባለና ሠራተኞች ገቡበት። ሰው ታች እየሠራ፣ ውሃው ወደ ላይ እየተሳበ በየቤቱ ይደርስ ነበር። የባሰው ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ውሃው ሳይጣራ፣ ጀርም የሚገድለው ክሎሪንም ሳይጨመርበት መለቀቁ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታይፎይድ ይዞት የዳነ ሰው ነበር። ሲያዩት ጤነኛ ነው። ጀርሙ ግን ከሆዱ አልወጣም። ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት የመረመረው የለም። እሱን አልወቅስም፣ ለእንጀራው የወረደ ሰው ነው።

ከ300 በላይ ሰው ታመመ፣ 43ቱ ሞቱ። ከገዛ ቤቷ ቧንቧ ለልጇ ውሃ የቀዳች እናት ምን ብላ ትጠርጥር?

ይቅር የማልለው ቀጥሎ ያለውን ነው። የከተማው የጤና ኃላፊ ሐኪም በሽታው ከየት መጣ ብሎ ሲያፈላልግ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሰዎች እየሠሩ መሆኑን የነገረው አልነበረም። የመሐንዲሱ ቢሮ ያውቃል፣ የሐኪሙ ቢሮ አያውቅም። ሁለቱም የአንድ ካውንስል፣ የአንድ ከተማ አስተዳደር ሰዎች ናቸው! አንድ ብጣሽ ወረቀት መጻፍ ይህን ያህል ከበደ?

ሳይታወቅ የተሠራ ጥፋት ቢሆን እንኳ ያጽናና ነበር። የእንግሊዟ ሊንከን ከተማ በ1904 እና በ1905 በዚሁ በሽታ ከ100 በላይ ሰው ቀብራለች። ያኔ የውሃ ጀርም አጥኚው ዶክተር አሌክሳንደር ሂውስተን ውሃው ላይ ክሎሪን እንዲጨመር አደረገ። መፍትሔው ከታወቀ 32 ዓመት ሆኖት ነበር።

የክሮይደን ነዋሪ ግን ሐዘኑን ይዞ ቤቱ አልተቀመጠም። ኮሚቴ አቋቁሞ ጮኸ፣ ሕዝብ ፊት ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀ። ምርመራውም ተደረገ።

እኛስ? ካውንስል ታክስ በየወሩ እንከፍላለን። ደብዳቤ ሲመጣልን ሳንከፍት እንጥላለን። የቧንቧው ውሃ ቀለሙ ሲለወጥ ሃይላንድ ገዝተን እናልፋለን። ስልክ አንደውልም፣ ስብሰባ አንሄድም። «የሰው አገር ነው፣ ምን አገባን» እንላለን። ልጆቻችን የሚጠጡት የማንን ውሃ ነው ታዲያ? ዝም አይነቅዝም ተብለን አደግን። ክሮይደን ላይ ዝም ያሉት ግን 43 ሰው አስቀበሩ።

አዝናለሁም፣ እበሳጫለሁም። ዕድር ስናቋቁም የሚደርስብን የለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሞልተን እናድራለን። ሰው ሳይሞት በፊት ግን አንገናኝም።

እባካችሁ፣ ከየዕድሩና ከየማኅበሩ ቋንቋውን የሚችል አንድ ሰው ይመደብ። የካውንስሉን ደብዳቤ ያንብብልን፣ ስብሰባ ይግባልን፣ ውሃችንን ማን እንደሚመረምር ይጠይቅልን። ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፣ ይህን ስናገርም የመጀመሪያዬ አይደለም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትመጡም ግን እንጀምራለን።