ማስተካከያ፦ 422 ለሁሉም ጥናት አይሆንም

ስለ ናሙና አወሳሰድ ባወጣነው መመሪያ፣ የቤት ለቤት ዳሰሳ ለሚሠሩ የማስተርስ ተማሪዎች የናሙናቸውን መጠን (የሚጠየቁትን ቤቶች ብዛት) ሲወስኑ «384 ላይ 10 በመቶ ጨምሩና 422 ያዙ» ብለን ነበር። ተሳስተናል።

ስሌቱ (95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ፣ 5 በመቶ የስህተት ህዳግ፣ የሚጠናው ነገር ምጣኔ 50 በመቶ ተብሎ ሲገመት) 384.16 ስለሚሰጥ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 385 ይሆናል። ይህም የሚሠራው ቤቶቹ ሁሉ ከአንድ ዝርዝር በቀጥታ በዕጣ ሲወጡ ነው። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤት የሚመረጥ ከሆነ ግን የአንድ ቀበሌ ሰዎች ይመሳሰላሉ (ውኃ የሚቀዱት ከአንድ ቦኖ ነው)፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቤት የሚያመጣው አዲስ መረጃ ያንሳል። ስለዚህ 385ቱ በዲዛይን ኢፌክት (ይህን መመሳሰል በሚያካክስ ቁጥር) ይባዛል። የሚጠቀስ ቀዳሚ ጥናት ከሌለ 2 መውሰድ የተለመደ ነው፦ 385 × 2 = 770።

መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ መደመርም አይበቃም፤ ከ422 ላይ 10 በመቶው ሲቀር የሚተርፈው 380 ገደማ ነው። ማካፈል ነው የሚያዋጣው፦ 770 ÷ 0.9 = 855.6፣ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 856።

856ቱ ለቀበሌዎቹ የሚደለደለው እኩል ሳይሆን በቤት ብዛታቸው ልክ ነው። 1,284 ቤት ላለው ቀበሌ 107 ከደረሰው በየ12ኛው ቤት ይገባል፤ መነሻው ከ1 እስከ 12 በዕጣ የወጣው ቁጥር እንጂ ሊቀመንበሩ የጠቆመው ቤት አይደለም። ሰው የታጣበት ቤት ተመልሶ ይኬድበታል፤ በጎረቤት አይተካም።