እርማት፦ የሩሲያ አየር ወለድ ብረት ለበስ ውስጥ ተቀምጦ አይዘልም

"የሩሲያ አየር ወለዶች ቢኤምዲያቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ከአውሮፕላን ይጣላሉ፣ መሬት ሲነኩ ሞተር አስነስተው በቀጥታ ውጊያ ይገባሉ" ላልከው ወዳጄ፣ ኧረ ቀስ በል። ቢኤምዲ ማለት በፓራሹት የሚጣል የአየር ወለድ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ነው። ወሬው ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1973 ቱላ አካባቢ ሁለት ሰዎች ቢኤምዲ-1 ውስጥ ሆነው በፓራሹት ወርደዋል። አንዱ አሌክሳንደር ማርጌሎቭ ነበር፤ የሶቪየት አየር ወለድ አዛዥ የጄኔራል ቫሲሊ ማርጌሎቭ ልጅ። አባትየው የገዛ ልጁን ነው የላከው፣ አስበው! እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ይኸው ልጅ ሌላ ዘዴ ሞከረ፦ ፓራሹቱ አንድ ብቻ፣ መሬት ሊነካ ሲል ሮኬቶች ተተኩሰው ፍጥነቱን የሚገቱበት።

ግን ይሄ ሙከራ ነው። ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ተደርጓል፣ የተለመደው አሠራር ግን ሌላ ነው። ተሽከርካሪው ባዶውን ይጣላል፣ ወታደሮቹ ለብቻቸው ይዘላሉ፣ ከዚያ መሬት ላይ የየራሳቸውን በሬዲዮ ምልክት ፈልገው ያገኙና ማሰሪያውን ፈትተው ይገቡበታል። ጨለማና ነፋስ ሲጨመርበት ቀላል እንዳይመስልህ፤ ሰውን ውስጥ የማስቀመጥ ሐሳብ የመጣውም ለዚሁ ነው።

ቢኤምዲን "ታንክ ነው" ያልከውም አያስኬድም። የቢኤምዲ-1 ክብደት ወደ 7.5 ቶን፣ ጥሩሩም አሉሚኒየም ነው። በሶቪየት ጊዜ አፍጋኒስታን ውስጥ ፈንጂ ሲረግጥ ጉዳቱ ስለከፋ፣ እዚያ ለነበሩ አየር ወለዶች ቢኤምፒ-2 እና ቢቲአር የሚባሉ የእግረኛ ጦር ብረት ለበሶች ተሰጥቷቸዋል።