ብርሃን እንጂ ሙቀት ያየ የለም

ምደባ ሲወጣ «ደብረ ብርሃን» ደረሰኝ። ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው ስሙ ደስ ይላል። ብርሃን ካለ ሙቀት አይጠፋም ብዬ ሦስት ካናቴራና አንድ ሽርጥ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከተማዋን የቆረቆሯት ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ይባላል። ሙቀት አየሁ አላሉም። ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ መተኛት ዋጋ ያስከፍላል።

ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተሰቅላለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይልና ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ሙልጭ አድርጋ ትሸኘዋለች። ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንድ ማታ ጂንሴን አጥቤ አሰጣሁ። ጠዋት ገመዱ ላይ እንደ ጣውላ ገትሮ ጠበቀኝ። ብብቴ ስር ይዤው ስገባ ሰው የተሸከምኩ ነበር የምመስለው። ግድግዳ አስደግፌው ሄድኩ። ከክላስ ስመለስ ጉልበቱን አጥፎ ቁጭ ብሏል።

ብርድ ደግሞ ሁሉንም ሰው ሐኪም ያደርጋል። እማዬ በስልክ ነጭ ሽንኩርት አዘዘች። በላሁ፤ ከብርዱ በቀር ሁሉም ሸሸኝ። የዶርሜ ልጅ ደግሞ አረቄ አዘዘ። የአገሩ አረቄ ስመ ጥር ነው፤ አንድ መለኪያ ስትጨልጥ ጆሮህ ድረስ ይግላል። ችግሩ የሚግለው ቆዳህ መሆኑ ነው። የቆዳህን የደም ሥር ከፍቶ የውስጥ ሙቀትህን ወደ ውጭ ይበትነዋል። በገዛ ገንዘብህ ደብረ ብርሃንን ታሞቃለህ ማለት ነው።

የአገሬው ልጆች ዝም ብለው ይደራርባሉ። ካናቴራ፣ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ። በየመሃሉ የሚታፈነው አየር ነው የሚያሞቀው። አንዱ ማታ ማታ የመንዝ ባና ይለብሳል። ከበግ ፀጉር የተሠራ ነው፤ ክብደቱም በጉን ያህላል። እኛ የቆላ ልጆች ግን ጋቢ ለብሶ ክላስ መግባት አፈርን። ሴቶቹ ምን ይላሉ? ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ፣ አፍንጫችን እየተንጠባጠበ፣ አማረብን ብለን ግቢውን እንዞራለን።

በመጨረሻ መላ ዘየድን። ምድጃና ከሰል በላፕቶፕ ቦርሳ አስገብተን፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በካልሲ ወትፈን ልናነድ። በሩ ላይ ጥበቃው እጃቸውን ቦርሳው ውስጥ ሰደዱ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ላፕቶፕ ነው፣ ጋሼ።»

እጃቸውን አውጥተው አዩት። «ላፕቶፕ እጅ ያጠቁራል እንዴ?»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «ብርድ እንኳ እያንቀጠቀጠ ይነግርሃል። ይሄ አይነግርህም። ራስህን ያምሃል፣ እንቅልፍ ይወስድሃል፣ በቃ።»

ኬሚስትሪ የሚማረው ጓደኛችን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም እንደሌለው ማብራራት ጀመረ።

«ታዲያ እያወቅህ ነው?» አሉት። ዝም አለ። (ፈተናው ላይ ኤ ነው ያገኘው።)

ምድጃውን ወረሱን። ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ስወጣ ከሩቅ ፍም አየሁ። ጋሼ ከጎጇቸው ደጅ፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ በእኛ ምድጃ ጀበና ጥደዋል።

«አንተ ድሬ፣ ና ሙቅ» አሉኝ። ተጠግቼ እጄን ዘረጋሁ። ስኒውን እያቀበሉኝ ፍሙን አየት አደረጉ።

«ነገ ደግሞ ላፕቶፑን ሞላ አድርገህ አምጣ።»