ለክቡር ይሉኝታ የቀረበ ምስጋና

«ሰው ምን ይለኛል ማለትን ተዉ» የሚል ምክር ሰሞኑን በየመድረኩ ስለበዛ፣ ይሉኝታ የተባለውን ታላቅ ሀብታችንን ሳናስበው እንዳናጣው ሰግቻለሁ። ስለዚህ ሳይረፍድ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ።

ከስሙ ልጀምር። «ይሉኝ» በሚለው ግስ ውስጥ ባለቤቱ «እነሱ» ናቸው፤ እነማን እንደሆኑ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። ተሳቢው «እኔ» ነኝ፤ ስለ እኔ ማንነት ደግሞ ጥርጥር የለም። ሌላው ሕዝብ የተነገረውን ሲፈራ፣ እኛ ገና ያልተነገረውን ቀድመን የምንፈራበት ቃል አለን።

የይሉኝታ ውለታ ከሁሉ ይልቅ ደምቆ የሚታየው በሠርግ ነው። የአክስቴ ልጅና እጮኛው ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው፣ ሠላሳ ሰው ምሳ ጋብዘው፣ በተረፈው ገንዘብ ቤት ሊከራዩ አስበው ነበር። አክስቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «የሰው ድግስ በልተን በልተን፣ የእኛ ተራ ሲደርስ በር ልንዘጋ ነው? የእድሩ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ሠላሳው በአንድ ምሽት አራት መቶ ሆነ። በአጥር ጉዳይ ተጣልተው ስድስት ዓመት ሰላም የማይባባሉት ጎረቤቷ ሳትቀር ከዝርዝሩ ሦስተኛ ላይ ተጻፈች፤ ምክንያቱም ካልተጠራች ታወራለች።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው የሠርግ ቪዲዮ ያላየ መሆን አለበት። ሙሽራይቱ ከሁለት ቤት በውሰት የመጣ ሐብል አጥልቃ እንዴት እንደደመቀች በዐይኔ አይቻለሁ፤ ወርቁ በዚያው ሌሊት በመሐረብ ተቋጥሮ ወደየባለቤቱ ተመልሷል። ሊሞዚኑም ቢሆን ወደ ሰፈራችን ቅያስ መታጠፍ አቅቶት ሙሽራይቱ ቬሎዋን ሰብስባ ኮብልስቶኑን በእግሯ ወጣችው እንጂ ኪራዩ ከንቱ አልቀረም፤ መኪናው ባይሰነቀር ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ከየግቢው ወጥቶ መቼ ያየው ነበር?

ይሉኝታ ክፉ ቀን አልገጠመውም ማለት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ አንዳንድ ጥንዶች ያለ ድንኳን፣ ያለ ሊሞዚንና ያለ ብድር ተጋቡ። አሳፋሪው ነገር ትዳራቸው መጽናቱ ነው። ደግነቱ ክልከላው ሲነሣ አገሩ ወደ ልቡ ተመለሰ፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የዶላር ዋጋ ሲተኮስ እንኳ፣ የቀነሰው ድግሱ ሳይሆን የደጋሹ እንቅልፍ ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስና፣ የሠርጉ ወጪ በከፊል የተሸፈነው ከመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር በ36 ወር በሚከፈል ብድር ነበር። ገንዘቡ የታለመለትን ግብ ስለመምታቱ እማኝ ነኝ። ያቺ ጎረቤት ሁለት ጊዜ ተነሥታ ክትፎ ካነሣች በኋላ፣ ከአዳራሹ በር ላይ በስንጥር ጥርሷን እየጎረጎረች፣ «ምነው ቅቤ አነሰው?» ብላ ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ታክሲ ተራ ሳይደርሱ ስለ ስኳር ዋጋ ማውራት ጀመሩ። እንግዲህ ለአራት መቶ ሰው የተፈራው ወሬ ተጠቃልሎ ይኸው ነበር። ሰውን ለሦስት ዓመት ደመወዙን እያስቆረጠ ለሁለት ደቂቃ ወሬ የሚያዘጋጅ ሌላ ኃይል ካለ ንገሩኝ።

ጥንዶቹ ባሰቡት ቤት ፋንታ ከአክስቴ ግቢ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተሰጥቷቸው ይኖራሉ። ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ ስለወለዱ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ ልል ሄጄ ነበር። ከብድሩ ገና 21 ወር ይቀራል። አራሷ ገንፎዋን እየበላች፣ አክስቴ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ፣ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ ለክርስትናው የሚጠሩትን ትጽፋለች። አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ጎረቤቷ ዘንድሮ አንደኛ ወጥታለች።